ፑል ሊሆን ነው ሲባል ሠራተኛን ማወያየት፤ ከድሬዳዋ ያገኘሁት ልምድ

አንድ ቀን አለቃችሁ ይጠራችሁና «የየቢሮው የሰው ሀብት፣ ፋይናንስ፣ ግዥና ንብረት ወደ አንድ ማዕከል (ፑል) ሊሰበሰብ ነው፤ እናንተ ሠራተኛውን አወያዩልን» ሊላችሁ ይችላል። እኔን ብለውኛል። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሴክተር መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ደጋፊ የሥራ ክፍሎቻቸውን ያዋህዱ የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ ሠራተኛውን ከሚያወያዩት የኮሚቴ አባላት አንዷ ሆንኩ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለሚጠብቃችሁ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጠቅስም። ማንንም ማስቀየም አልፈልግም፤ ደግሞም ነገ ጠዋት እዚያው ቢሮ እገባለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በብዙ ክልሎች ወረዳዎች የፋይናንስ ፑል የቆየ አሠራር ነው። የትምህርቱም፣ የጤናውም፣ የግብርናውም ሂሳብ በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል። ወረቀት ላይ ስታዩት ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ቢሮ በቂ የግዥ ባለሙያ ይዞ አልፎ አልፎ ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ጎረቤቱ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷ ስትታመም ግዥ ይቆማል። ክፍት መደቡ ለዓመታት አይሞላም። ኦዲተር ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚያገኘው ግኝት ያው ነው፤ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ያልተቆረጠለት ዕቃ። ስለዚህ በመርህ ደረጃ እኔም ደጋፊ ነኝ። ቀድሜ የተናገርኩት ቀጥሎ የምለውን ተቃውሞ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት ነው።

ሠራተኛው ግን ያንን ወረቀት አይደለም የሚያነበው። ነባሩ ሠራተኛ የቢፒአርን (የሥራ ሂደት ለውጡን) ዘመን ያስታውሳል። ከዚያ ቢኤስሲ (የውጤት መመዘኛው) መጣ፣ የሥራ ምዘናና ደረጃ መጣ፣ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ድልድል መጣ። በየድልድሉ ደግሞ «ተንሳፋፊ» የሚባል ሰው አይጠፋም፤ ደመወዝ እየተከፈለው መደብም ወንበርም የሌለው። ስለዚህ እናንተ «ውህደት» ስትሉ እሱ የሚሰማው «ድልድል» ነው። እናንተ ስለ ቅልጥፍና ስታወሩ እሱ በልቡ ለጡረታ የቀረውን ዓመት እየቆጠረ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን አንድ ነገር ነው። ሠራተኛውን ከመጥራታችን በፊት አለቆቹን አስቀምጠን «ያልተወሰነው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለማግኘት ግን ብዙ ተመላልሰናል። መጀመሪያ የተሰጠን መልስ «ሁሉም ክፍት ነው በሏቸው» የሚል ነበር። ይህ እውነት አልነበረም። ፋይናንሱ እንደሚዋሃድ ተወስኗል፤ በጀቱም በዚያው መልክ እየተዘጋጀ ነበር። ማዕከሉ የት ሕንፃ ይቀመጥ? የሰው ሀብቱ ሙሉ በሙሉ ይሂድ ወይስ ከፊሉ በየቢሮው ይቅር? መዝገብ ቤቱስ? የድልድሉ መስፈርት ምን ይሁን? መቼ ይጀመር? እነዚህ በእርግጥ ክፍት ነበሩ። ደመወዝና እርከን ደግሞ የእኛም የአለቆቻችንም ሥልጣን አልነበረም።

እናም በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱን ለይተን ጻፍን። የተወሰነ፣ ያልተወሰነ፣ ከእኛ በላይ የሆነ። አለቆቹ የመጀመሪያውን ዓምድ አልወደዱትም። «ሰው ይቆጣል» አሉ። ሰው ተቆጣ። ግን የዚያን ዕለት ተቆጥቶ፣ በማግስቱ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ገባ። ሐሳብ ስጡ ተብሎ፣ በኋላ ደብዳቤው ቀድሞ ተጽፎ እንደነበር ቢደርስበት ኖሮ ቁጣው ለሚቀጥለው ሪፎርም ሁሉ ይተርፍ ነበር። ያቺን ገጽ ከአማርኛ በተጨማሪ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አዘጋጀናት። ለጌጥ አልነበረም። ጥበቃዎች፣ ጽዳቶችና ሞተረኞችም በጠቅላላ አገልግሎት ስር ስላሉ ጉዳዩ ይነካቸዋል። ከመካከላቸው በአማርኛ ስብሰባ ላይ ከመናገር ዝም ማለትን የሚመርጥ ብዙ ነው።

የአዳራሹን መድረክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባነር ይሰቀላል። አቅራቢው ስላይዱን ያነባል፣ ተሰብሳቢው ስልኩን። ከዚያ «ሐሳብ አስተያየት» ይባልና ሁሌም የሚናገሩት ሰዎች እጃቸውን ያወጣሉ። «ሰነዱ በጥሩ ሁኔታ ተዘጋጅቷል፣ ሆኖም…» ይላሉ። ቃለ ጉባኤው «ሠራተኛው በሰነዱ ላይ በስፋት ተወያይቶ የጋራ መግባባት ላይ ደርሷል» ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ዓይነት ቃለ ጉባኤ ከመድረኩ በፊት ተጽፎ ያየ ሰው ከእናንተ መካከል አይጠፋም።

እኛ አዳራሹን ለአንድ ነገር ብቻ ተጠቀምንበት፤ ሁሉም ሰው ያቺን ገጽ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ አፍ እንዲሰማ። ወሬ ከሰነድ ይቀድማል፤ በተለይ ድሬ። ጠዋት ከዚራ የተባለው ነገር ቀፊራ እስኪደርስ ሌላ ሆኗል። አንዳንዱ መሶብ ሊከፈት ነው ብሎ መጥቶ ነበር። እሱንም እዚያው አጠራነው። በ2017 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ለባለጉዳዩ ነው፤ የእኛው ግን የቤቱ ጓዳ ነው፤ ባለጉዳይ አያየውም፣ ሲበላሽ ግን ሳሎኑም አይሠራም።

ውይይቱን ወደ ትንንሽ ቡድን አወረድነው። ቡድኑንም በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በሥራ ዓይነት ከፈልነው። የሁሉም ቢሮ ገንዘብ ያዦች አንድ ላይ፣ ግዥዎች አንድ ላይ፣ ንብረት ክፍሎች፣ መዝገብ ቤቶች፣ ሹፌሮች፣ እያልን። በዚህ አከፋፈል አለቃቸው አብሯቸው አይቀመጥም። ከዚያ በላይ የጠቀመው ግን ሌላ ነው። አንዲት ገንዘብ ያዥ የሌላ ቢሮ ገንዘብ ያዥ እንዴት እንደምትሠራ ስትሰማ አፏ ይፈታል። «እናንተ ጋ እንዲህ ነው እንዴ?» የምትለዋ ጥያቄ እኛ ካዘጋጀነው መጠይቅ ሁሉ ትበልጥ ነበር። አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ሥራ እየሠሩ፣ ለዓመታት ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ ስለ ሥራቸው አውርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ስለ ሰዓት ትንሽ ልበል። ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ መጥራት አለመጥራት ነው። ሙቀቱ አለ። ምሳው አለ። ጫት ይዞ በርጫ የሚቀመጠውም አለ፤ እንደሌለ መምሰል አያስፈልግም። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ሻይና ፈጢራ ቀርቦ ሲሆን ሰው ይናገራል። የገጠር ቀበሌ ሠራተኞችን ደግሞ ለብቻ ከምትጠሯቸው ለወር ሪፖርት ከተማ በሚመጡበት ቀን ያዟቸው።

ያገዘን ሌላም ነገር አለ። ድሬ «አንቱ» ብዙ አይወድም። ጡረታው የደረሰ የንብረት ሠራተኛና ገና የተቀጠረች ካሸር «አንተ»፣ «አንቺ» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ሌላ ከተማ ከሆናችሁ ዕድሜና ማዕረግ አፍ ሊይዝ ይችላል፤ ወጣቶቹን ለብቻቸው ማነጋገር ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ወደ ጥያቄው። «ውህደቱን ትደግፋላችሁ ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። እንዲህ ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ ወይ ፍርሃት ነው ወይ ጭብጨባ። የጠየቅነው «ባለፈው ሳምንት ማን መጣባችሁ? ምን ፈልጎ ነበር? ምን አደረጋችሁለት?» ብለን ነው። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፍርሃቱን ይረሳል። እንዲያውም ማቆም ያስቸግራል።

የውህደቱ ሰነድ የሰው ሀብትን ሥራ ቅጥር፣ ዕድገት፣ ዝውውር፣ ዲሲፕሊን ብሎ ነበር የዘረዘረው። እነዚህ ከበድ ያሉ ናቸው፤ ግን በየቀኑ አይመጡም። በየቀኑ በር የሚያንኳኳው ሌላ ነው። የሥራ ልምድ የሚፈልግ። ለባንክ ብድር የደመወዝ ማረጋገጫ የሚያጽፍ። ለዘመዱ ዋስ ሊሆን ደብዳቤ የሚለምን። የሐኪም ፈቃድ ይዞ የመጣ። የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን እንደቀረው የሚጠይቅ። ለእነዚህ ሰዎች የሰው ሀብት ማለት ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል ናት። ማዕከሉ ሳቢያን ቢሆንና ሠራተኛው ለገሃሬ ቢሠራ፣ ለአንዲት ደብዳቤ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄዶ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው» ተብሎ ይመለሳል። መንግሥት አተረፍኩ ያለውን ሠራተኛው ከኪሱ ይከፍለዋል። አንዱ ፈርጠም ብሎ «አቦ! እኔ ውህደቱን አልጠላሁም፤ ደብዳቤዬን ግን ከዚሁ ስጡኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር። ቅጥሩና ዝውውሩ ማዕከል ይሂድ። ማህደሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን የመፈረም ውክልና ተሰጥቶት በየመሥሪያ ቤቱ ይቅር። ተቀባይነት አገኘ።

ፔሮሉ፣ ማለትም የደመወዝ ሥራው፣ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስተማረኝ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ስሌት ብቻ ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ ይቀነሳል፣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምራል፣ ግብር ይነሳል፣ አለቀ። ማን ቢሠራው ምን ለውጥ አለው? የጤናዋ ፔሮል ሠራተኛ ግን የተረኛ ክፍያን አነሳች። የተረኛ ክፍያ በየወሩ ይለያያል። ዝርዝሩ ከየጤና ጣቢያው ነው የሚመጣው። አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው ፊርማ ይጎድለዋል። እሷ የትኛው እንደሚዘገይ ስለምታውቅ ቀድማ ትደውላለች። የትምህርቷ ባለሙያ ቀጠለች። መምህራን ብዙ ናቸው፤ ክረምት ላይ ዝውውር ይበዛል። ካልተጠነቀቁ መስከረም ላይ አንድ መምህር ሁለት ትምህርት ቤት ስሙ ይወጣል፤ ወይም የትም አይወጣም። እነዚህ ነገሮች መመሪያ ላይ የሉም። ያሉት በሁለቱ ሴቶች ጭንቅላትና ጠርዙ በተበላ አንድ አጀንዳ ውስጥ ነው። ድልድሉ ሴቶቹን ወደ ሌላ ሥራ ቢወስዳቸው ያ ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል።

ይህን ስሰማ የካናዳው ነገር ትዝ አለኝ። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት የ46 መሥሪያ ቤቶቹን የደመወዝ ሥራ ሰብስቦ ሚራሚሺ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደው። በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩ 1,200 ያህል የደመወዝ ባለሙያ መደቦች ተሰረዙ። በምትካቸው ሚራሚሺ ላይ 460 ባለሙያዎችና 90 ረዳቶች ተመደቡ። በዓመት 70 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይቆጠባል ተብሎ ነበር። ፊኒክስ የተባለው አዲሱ የደመወዝ ሲስተም በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ግን ጉድ ፈላ። ያልተከፈለው አለ፣ ጎድሎ የተከፈለው አለ፣ በላይ ተከፍሎት መልስ የተባለ አለ። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ የደመወዝ ችግራቸው እስኪስተካከል የሚጠብቁ ሠራተኞች ከ150 ሺህ በላይ ሆኑ። ነባሮቹ ባለሙያዎች በብዛት ወደ ሚራሚሺ አልሄዱም ነበር። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በ2018 እ.ኤ.አ. ነገሩን ለመረዳት የሚያዳግት ውድቀት ብሎታል።

ይህን ለአለቆቻችን ስነግራቸው «እነሱን የጣላቸው ሲስተሙ ነው» አሉኝ። ሲስተሙም ወድቋል። ግን ሲስተም ሲሳሳት ስህተቱን ዓይቶ የሚይዘው ልምድ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ተሸኝቷል። እኛ ጋ ከዚህ የተወሰደው ነገር ትንሽ ይመስላል። የጤናውና የትምህርቱ ፔሮል ሠራተኞች በድልድል ወደ ሌላ ሥራ አይነሱም፤ ማዕከሉም ለተወሰኑ ወራት የሁለቱን ዘርፍ ፔሮል ሳይቀላቅል ለየብቻ ይሠራል። የተገኘው ግን ከአዳራሽ አይደለም፤ ሁለት ሴቶች ሻይ እየጠጡ ካወሩት ነው።

ግዥዎቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውህደቱን ከሁሉም በላይ ወደዱት። ወረቀት፣ ቶነር፣ የጽዳት ዕቃ፣ ጎማ፤ ሁሉም ቢሮ በየራሱ ፕሮፎርማ ይገዛል። ተደምሮ በአንድ ጨረታ ቢወጣ ዋጋው እንደሚወርድ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የፈሩት ተጠያቂነቱን ነው። በጀቱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ገዢው ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ነው። ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃው ዝርዝር መግለጫ) ተሳስቶ የማይሠራ የላብራቶሪ ዕቃ ቢመጣ ኦዲተር ፊት የሚቆመው ማን ነው? ጠያቂው ቢሮ ስፔሲፊኬሽኑን ፈርሞ ይላክ፤ ዕቃው ሲመጣም የጠያቂው ባለሙያ ሳይፈትሸው ሞዴል 19 አይቆረጥ ያሉት እነሱ ናቸው። መድኃኒት በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚመጣ ስለሆነ ከጽሕፈት መሣሪያ ጋር በአንድ ዕቅድ መጨፍለቅ እንደሌለበትም አስታወሱን። ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች አላሰቡትም ነበር፤ መድኃኒት ገዝተው አያውቁማ።

ፋይናንሶቹ የፕሮጀክት ገንዘብን አነሱ። ከመደበኛው በጀት ውጪ ከለጋሾች የሚመጣ ገንዘብ አለ። እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱ የባንክ ሂሳብ፣ የራሱ የሪፖርት ቅጽ፣ የራሱ ኦዲት አለው። የፕሮጀክቱ ሂሳብ ሹም ብዙ ጊዜ በኮንትራት ነው። እሱ ፑል ይገባል ወይ? ሰነዱ ዝም ብሎታል። እኛም መልስ አልነበረንም፤ «ያልተወሰነ» የሚለው ዓምድ ላይ ጨመርነው። ሹፌሮቹ በአጭሩ ነበር የጨረሱት። መኪናው ማታ የት ያድራል? የነዳጅ ኩፖኑን ማን ይፈርማል? በማግስቱ መልስ አገኙ።

«ቁጥር ይቀንሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቡድኑ መጀመሪያ የሚመጣ ነው። ይህን በቃል እንዳትመልሱ። እኛ ቀድመን ከአመራሩ ደብዳቤ ጠየቅን። በውህደቱ ምክንያት ከሥራ የሚሰናበት እንደሌለ፣ መጀመሪያ የሚታጠፉት ሰው የሌለባቸው ክፍት መደቦች እንደሆኑ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ። ማግኘቱ ጊዜ ወሰደ። ያለ እሱ ግን ወደ ቡድኖቹ አንገባም አልን፤ ልክም ነበርን። አለቃችሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልፈርምም ካለ፣ ለሠራተኛው «ይህን ማረጋገጫ አላገኘንም» በሉት። አወያይ ሌላ ሰው ያልፈረመበትን ተስፋ በራሱ አፍ መስጠት የለበትም።

የመንግሥት ሠራተኞች አዋጁንም አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ። መደብ ሲሰረዝ ሠራተኛው ምን መብት እንዳለው ሕጉ ይናገራል። ከወረቀት የሚነበብ ነገር ከኮሚቴ አባል ትዝታ የበለጠ ይታመናል። ግን የትኛው አዋጅ እንደሚመለከታችሁ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የፌደራሉ 1064/2010 በ1353/2017 ተተክቷል፤ ብዙ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት ግን አሮጌውን ነው። የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ከሆናችሁ የራሳችሁን ሕግና መመሪያ እዩ።

ከሁሉም የከበደኝ የቡድን መሪዎቹ ነገር ነው። አምስት ቢሮ አምስት የፋይናንስ ቡድን መሪ ካለው ማዕከሉ የሚፈልገው አንድ ነው። የቀሩት ባለሙያ ሊሆኑ ነው። ሠራተኛው ደግሞ ወሬ የሚሰማው ከእነሱ ነው። ፊታችን ላይ «እሺ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላሉ። ቢሮ ሲመለሱ የሚያወሩትን ግን እኛ ቆይተን ነበር የምንሰማው። ይህን ስናይ እነሱን ከሁሉም በፊት፣ ለብቻቸው፣ ያለ ማለስለሻ ማነጋገር ጀመርን። «የአንተ መደብ ላይኖር ይችላል። መስፈርቱ ላይ ሐሳብ የመስጠት ዕድል ግን አሁን አለህ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ደስ አይልም። አንዱ ተነስቶ ወጣ። ሌላው ግን መስፈርቱ ላይ ከማንም የተሻለ አስተያየት ጻፈ፤ የትምህርት ደረጃ ብቻ ታይቶ ያለ ኦዲት ግኝት ሂሳብ የዘጋ ሰው እንዳይዘለል የሚል። ገባ።

የሐሳብ መስጫ ሳጥንም ነበረን፤ ይህን ሳልነግራችሁ አልቀርም። የተሰቀለው ከኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ነው። ስንከፍተው የከረሜላ ልጣጭ አገኘንበት። ስም ሳይጠቀስ ሐሳብ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ፣ ቡድኑ ራሱ ጸሐፊ ይምረጥ፤ ጸሐፊው ማን ምን እንዳለ ሳይሆን ምን እንደተባለ ብቻ ይጻፍ። ወረቀቱ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ለቡድኑ ይነበብ። የቴሌግራም ግሩፕም ከፍተን ነበር። አሉባልታው በዛ። ግን ከኮሚቴው አንድ ሰው ማታ ማታ ለተጠየቀው ሁሉ «ይህ ተወስኗል፣ ይህ አልተወሰነም፣ ይህን ነገ እጠይቃለሁ» ብሎ ሲመልስ ረገብ አለ።

ቢሮ የሌሉትን ሰዎች አትርሱ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች፣ ትምህርት ላይ ያለ፣ ሕክምና የሄደ። ድልድል ሲመጣ ሥራ ላይ ያለው ይሯሯጣል፤ እነሱ ሲመለሱ ወንበራቸው የለም። ስም ዝርዝራቸውን ከሰው ሀብት አውጥተን ደወልንላቸው። አንዲት እናት ስልኩን አንስታ፣ ልጇ እያለቀሰ፣ ስለ መዝገብ ቤት የሰጠችን ሐሳብ በኋላ ሥራ ላይ ውሏል። የግል ማህደሮች ወደ ማዕከል ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ማህደር አይቶ፣ ገጹ ተቆጥሮ፣ ይፈርምበት የሚል ነው። ሥራው ያንቀራፍፋል። ግን የቅጥር ደብዳቤው የጠፋበት ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያየውን መከራ ከሰው ሀብት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም።

ውይይቱ ካለቀ በኋላ ሁሉንም ሐሳብ በሠንጠረዥ አውጥተን በየቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው። ተቀባይነት ያገኘ፣ ያላገኘ ከነምክንያቱ፣ ገና ያልተመለሰ ማን እጅ እንዳለ። ብዙዎቹ ማዕከሉ ከዚራ እንዲሆን ፈልገው ነበር። አልሆነም። ኪራይ የማይከፈልበት የመንግሥት ሕንፃ ሌላ ቦታ ስለተገኘ ነው። ምክንያቱን ጻፍነው። ሰዉ አጉረመረመ፣ ግን «አልሰሙንም» ያለ አልነበረም። ሠንጠረዡን ቆመው ሲያነቡ የራሳቸውን ሐሳብ በጣታቸው እየፈለጉ ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ ፋይናንሶቹን ስሟቸው። አመራር ሁሌም ሐምሌ 1ን ይወዳል፤ አዲስ በጀት፣ አዲስ መዋቅር። ግን የሰኔ 30 መዝጊያ ሰኔ 30 ቀን አያልቅም፤ ሐምሌንም ይበላል። ሂሳቡን የጀመረው ሰው ሳይዘጋው ወደ ማዕከል ከተወሰደ የጎደለው የማን እንደሆነ አይታወቅም። የእኛ ገንዘብ ያዦች ያቀረቡት መፍትሔ አዲሱ በጀት በማዕከሉ ይከፈት፣ አሮጌው ዓመት ግን በነባሩ ሰው፣ በነባሩ ቢሮ ይዘጋ፤ ርክክቡ ከዚያ በኋላ ይሁን የሚል ነበር። ለጥቂት ሳምንት ሁለት ቦታ መሥራት ነበረባቸው፤ ራሳቸው ስለጠየቁት አላማረሩም።

ኮሚቴው ውህደቱ ሲጀመር እንዲፈርስ ታስቦ ነበር። እኛ የመጀመሪያው ፔሮል እስኪወጣ ይቆይ አልን። ፔሮሉ ከወጣ በኋላ ያንኑ ቡድን ሰብስበን ያንኑ ጥያቄ ደገምን። ባለፈው ሳምንት ማን መጣባችሁ? ምን ፈልጎ ነበር? ደመወዙ በጊዜው ወጥቷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ሠራተኛው ማዕከሉ ጋ ይደውላል፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል፤ ያኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው። ለየትኛው ጉዳይ ማን ጋ እንደሚደወል የሚያውቅ አልነበረም። የጉዳዩን ዓይነት፣ የባለሙያውን ስምና የውስጥ ስልኩን በአንድ ወረቀት አድርገን ከሠንጠረዡ ጎን ለጠፍነው። የፕሮጀክት ሂሳብ ሹሞቹ ነገር ግን እስካሁን «ያልተወሰነ» የሚለው ዓምድ ላይ ነው።